ቀደምት የአሜሪካ ገጣሚዎች በጆሮ ሲደመጡ፦ የአንድ የድምፅ መጽሐፍ ግምገማ

ከሲልቨር ስፕሪንግ ተሳፍሬ ዱፖንት ሰርክል እስክወርድ ድረስ በዋሽንግተን ከተማ ባቡር፣ በሜትሮው ቀይ መስመር ላይ የማሳልፈው ጊዜ ግማሽ ሰዓት ያህል ነው፤ ደርሶ መልሱ ሲደመር በሳምንት አምስት ሰዓት ይሆናል። ይህን ሰዓት ለዓመታት በዜናና በስልክ ወሬ ስፈጀው ከኖርሁ በኋላ፣ ባለፈው የብርድ ወራት አንድ የድምፅ መጽሐፍ ገዛሁ። መጽሐፉ ከ17ኛው እስከ 19ኛው መቶ ዘመን የነበሩ ዘጠኝ አሜሪካውያን ገጣሚዎችን የሚያስተዋውቅ ሲሆን፣ ርዝመቱ ከ11 ሰዓት ጥቂት ይበልጣል፤ ዋጋው 18 ዶላር ነው። በመጀመሪያ የገጣሚው ሕይወት በአጭሩ ይተረካል፣ ከዚያም የተመረጡ ግጥሞች ይነበባሉ። አንባቢዎቹ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ናቸው። ከዚህ በታች የማነሳቸው ጉድለቶች በዚህ ዓይነት ርካሽ ስብስቦች ዘንድ የተለመዱ ስለሆኑና አንዱን አዘጋጅ ነጥሎ መክሰስ ተገቢ ስላልመሰለኝ፣ የድርጅቱን ስም አልጠቅስም። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ግጥምን በጆሮ መቀበል ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የወጋየሁ ንጋቱን የሬዲዮ ትረካ እየሰማ ያደገ ሰው፣ ጥሩ ድምፅ በጽሑፍ ላይ ነፍስ እንደሚዘራ ነጋሪ አያሻውም። ሙሾውም፣ ቀረርቶውም፣ ቅኔውም ከወረቀት በፊት የጆሮ ናቸው። ስለዚህ መጽሐፉን ስጀምር የያዝሁት ተስፋ ከፍ ያለ ነበር። አዳምጬ ስጨርስ ግን የደረስሁበት ነገር ትንሽ የተወሳሰበ ሆነ፤ ከዘጠኙ መካከል ገሚሶቹ በጆሮ ሲሰሙ ከወረቀት ላይ ይልቅ ይደምቃሉ፣ አንዳንዶቹ ምንም አይጎድልባቸውም፣ አንዷ ግን ጨርሳ ትጠፋለች።

ስብስቡ የሚከፈተው በአን ብራድስትሪት ነው። በ1612 በእንግሊዝ አገር የተወለደችው ብራድስትሪት በ1630 ከወላጆቿና ከባሏ ጋር አርቤላ በተባለችው መርከብ ተሳፍራ ማሳቹሴትስ የገባች፣ በዚያ በረሃ በሚመስል አዲስ አገር ስምንት ልጆች የወለደች ሴት ናት። አባቷ የቅኝ ግዛቲቱ አገረ ገዥ ነበር፤ ባሏም እሷ ካረፈች በኋላ ለዚያው ሥልጣን በቅቷል። የእኅቷ ባል የግጥሞቿን የእጅ ጽሑፍ ይዞ ወደ ለንደን ተሻገረና በ1650 አሳተመው፤ እንደሚነገረው እሷን ሳያስፈቅድ ነበር። ከዚያ በኋላ ለገዛ መጽሐፏ የጻፈችው ግጥም አለ። መጽሐፉን ሳታስበው ከቤት ወጥቶ አደባባይ የታየ፣ ጨርቁ የተቀዳደደ ልጇ አድርጋ ታናግረዋለች። ፊቱን ብታጥበው እንከኑ ይበልጥ ይታያል፤ እግሮቹን ለማስተካከል ብትስበው እንደገና ያነክሳል፤ የተሻለ ልብስ ልታለብሰው ብታስብ ቤት ውስጥ ያላት በእጅ የተፈተለ ተራ ጨርቅ ብቻ ነው። የልጁ እግር ማነከስ የስንኙ ምት መሰበር መሆኑ በእንግሊዝኛው ቃል ጨዋታ ውስጥ አለ፣ ምክንያቱም በእነሱ ዘንድ የስንኝ መለኪያው ስም «እግር» ነው። ሴቲቱ አንባቢ ይህን ግጥም የምታነበው ልጅ ይዛ በምታጥብ እናት ድምፅ፣ ግማሽ ቁጣ ግማሽ ሳቅ ባለበት ቃና ነው። ከመጽሐፉ ሁሉ የተዋጣለት ንባብ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ብራድስትሪት በሐምሌ 1666 ቤቷ በእሳት ሲጋይ የጻፈችው ግጥምም ተካቷል። ግጥሙ ፍርስራሹ አጠገብ ስታልፍ ዓይኗ የሚያርፍበትን እየቆጠረ ይሄዳል፦ እዚህ ያ ሻንጣ ነበር፣ እዚያ ያ ሣጥን ነበር፣ የምወደው ዕቃዬ አመድ ሆኗል። ቀጥሎ ቤቱን ራሱን «አንተ» ብላ ትጠራዋለች፤ ከእንግዲህ ከጣሪያህ ሥር እንግዳ አይቀመጥም፣ ከገበታህም አይቆረስም ትለዋለች። መጨረሻው ላይ ሀብቷ በሰማይ መሆኑን ለራሷ ታስተምራለች፤ ሃይማኖቷ የሚጠይቃት ይህንኑ ነው። ሆኖም ያን ስብከት ከመድረሷ በፊት ሣጥንና ሻንጣ እየጠራች የቆየችበት ጊዜ ከስብከቱ ይልቅ ጆሮ ውስጥ ይቀራል። ሙሾ አውራጅ የሟችን ፈረስና ጋሻ እየጠራች ስታስለቅስ የሰማ ሰው አካሄዱን ወዲያው ያውቀዋል።

የኤድዋርድ ቴይለር ክፍል አጭር ነው። ቴይለር በማሳቹሴትስ ጠረፍ፣ ዌስትፊልድ በተባለች መንደር ሰባኪም ሐኪምም ሆኖ የኖረ ሰው ሲሆን፣ በ1729 ሲያርፍ የግጥሞቹ ክምር በቤተሰቡ እጅ ቀረ፤ በኋላም ዬል ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ገብቶ ሳይነበብ ኖረ። ለሕዝብ የቀረበው በ1937 ቶማስ ጆንሰን በተባለ ምሁር አማካይነት ነው፤ ይህን ስም አንባቢው ይያዝልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ። ከተመረጡት ግጥሞቹ አንዱ እግዚአብሔርን «የጥጥ መፍተያህ አድርገኝ» ብሎ የሚለምንበት ነው። ከመፍተል ወደ መሸመን፣ ከመሸመን ወደ ማቅለምና መልበስ እየተሸጋገረ፣ የመሣሪያውን እያንዳንዱን ክፍል ከነፍሱ ክፍል ጋር ያዛምዳል። ወንዱ አንባቢ ይህን እንደ ዕቃ ዝርዝር አነበበው። እናቴ በእንዝርት ስትፈትል እያየሁ ስላደግሁ የፈትልና የሸማ ነገር አያስቸግረኝም፤ ነገር ግን የቴይለር መሣሪያ ባለ መዘውር ስለሆነ፣ የክፍሎቹን ስም ያለ ወረቀት በአንድ ጊዜ ሰምቶ መከተል ለእኔም አልተቻለኝም።

ከሁሉ አብልጬ ደጋግሜ ያዳመጥሁት የፊሊስ ዊትሊን ክፍል ነው። ዊትሊ በ1761 ቦስተን ወደብ ላይ ስትራገፍ ዕድሜዋ ሰባት ወይም ስምንት ነው ተብሎ የተገመተው የፊት ጥርሶቿ እየወለቁ ስለነበር ነው። ስሟ እንኳ የራሷ አልነበረም፤ ፊሊስ ከምዕራብ አፍሪካ ያመጣቻት የባሪያ መርከብ ስም ነው፣ ዊትሊ ደግሞ የገዛት ቤተሰብ ስም። በዚያ ቤት ማንበብና መጻፍ ተማረች፣ መጽሐፍ ቅዱስንና የላቲን ባለቅኔዎችን አነበበች፣ በ1773 የግጥም መድበሏ ለንደን ላይ ታተመ። ነጻ የወጣችው መጽሐፉ ከታተመ በኋላ በዚያው ዓመት ነው። በመድበሉ መግቢያ ላይ የቅኝ ግዛቲቱን አገረ ገዥ ጨምሮ 18 የቦስተን ታላላቅ ሰዎች «ግጥሞቹን የጻፈችው እሷ ናት» ብለው የፈረሙበት ምስክርነት አለ። የድምፅ መጽሐፉ ተራኪ ይህን ሲያወራ፣ 18ቱ ሰዎች ከበው አስቀምጠዋት አንድ በአንድ እንደፈተኗት፣ ችሎት በሚመስል ድባብ ያቀርበዋል። ታሪኩ ብዙ ጊዜ የተነገረ ነው፤ በእጃችን ያለው ሰነድ ግን ፊርማውን እንጂ እንዲህ ያለ የችሎት ውሎን አያሳይም፤ ተራኪው ይህን መለየት ነበረበት።

ንባቡ ግን ሌላ ነገር ነው። ከአፍሪካ ወደ አሜሪካ ስለ መምጣቷ የጻፈችው ግጥም ስምንት ስንኝ ብቻ ነው። ላይ ላዩን ሲሰማ ከአረማዊ አገር ያወጣትን ምሕረት የምታመሰግንበት ነው፤ በዚህም ምክንያት ብዙ ሰው ሲያዝንባት ኖሯል። የመጨረሻዎቹ ሁለት ስንኞች በአማርኛ ግርድፍ ሲገለበጡ፣ «ክርስቲያኖች ሆይ፣ እንደ ቃየን የጠቆሩት ጥቁሮች ነጽተው ከመላእክት ጉዞ ሊቀላቀሉ እንደሚችሉ አስታውሱ» ይላሉ። ችግሩ በእንግሊዝኛው «ክርስቲያኖች» እና «ጥቁሮች» የሚሉት ሁለት ቃላት በነጠላ ሰረዝ ተለይተው ጎን ለጎን መቆማቸው ነው። ክርስቲያኖች የሚመከሩት ሰዎች ናቸው ወይስ ከጥቁሮች ጋር ተደርድረው መንጻት የሚያስፈልጋቸው ኃጢአተኞች ናቸው? ወረቀቱ ሁለቱንም ይፈቅዳል። ድምፅ ግን መምረጥ አለበት፣ ምክንያቱም ትንፋሽ የሚወሰድበት ቦታ ትርጉሙን ይወስነዋል። ሴቲቱ አንባቢ ከ«ክርስቲያኖች» በኋላ ረጅም ትንፋሽ ወስዳ አነበበችው፤ የተለመደውን ትርጉም መረጠች ማለት ነው። አልፈርድባትም፣ ነገር ግን ግማሹ ግጥም እዚያ ትንፋሽ ውስጥ ቀረ።

በሌላ በኩል ደግሞ ወረቀት የደበቀብኝን ጆሮዬ አገኘው። ቃየን በእንግሊዝኛ «ኬን» ሲሆን፣ ሸንኮራ አገዳም በድምፅ ያው «ኬን» ነው። ከዚያ በፊት ባለው ስንኝ ውስጥ ለጥቁር ቆዳ የዋለው «ዳይ» የሚለው ቃል የጨርቅ ማቅለሚያም ነው፣ ሞትም ነው። «ነጽተው» ያልሁት ቃል ደግሞ ስኳር የሚጣራበት ቃል ነው። ስኳሩም የጨርቅ ማቅለሚያውም በባሮች ጉልበት እየተመረቱ ይነገድባቸው የነበሩ ሸቀጦች ናቸው። ይህን ከእኔ በፊት ያስተዋሉ ምሁራን አሉ፤ ገጣሚዋ አስባበት ይሁን አይሁን ማከራከሩም አይቀርም። በኅብር ቃል ያደገ አማርኛ ተናጋሪ ግን ሦስት እንዲህ ያሉ ቃላት በስምንት ስንኝ ውስጥ ሲገጣጠሙ አጋጣሚ ነው ብሎ ለማለፍ ይቸግረዋል። ሰሙ ምስጋና ነው፤ ወርቁን ለማግኘት ባቡሩ ከፎርት ቶተን ተነስቶ ጋለሪ ፕሌስ እስኪደርስ ድረስ ደጋግሜ ሰማሁት።

በዚሁ ክፍል ውስጥ ያላሰብሁት ነገርም ገጠመኝ። ዊትሊ በ1767፣ ገና የ14 ዓመት ገደማ ልጅ ሳለች፣ ለሃርቫርድ ተማሪዎች የጻፈችው ግጥም አለ። ከኃጢአት እንዲርቁ ስትመክራቸው «ታላቁ ጠላታችሁ እርሱ እንደሆነ አንዲት ኢትዮጵያዊት ትነግራችኋለች» ትላለች። በዚያ ዘመን እንግሊዝኛ ቃሉ የማንኛውም ጥቁር አፍሪካዊ መጠሪያ ስለነበር፣ እሷም የምዕራብ አፍሪካ ልጅ ስለሆነች፣ ከእኛ ወገን ናት ልንል አንችልም። ያም ሆኖ ልትማርበት በማይፈቀድላት ኮሌጅ ለሚማሩ የነጭ ልጆች ቆማ ስትመክር ለራሷ የመረጠችውን ስም፣ ጠዋት በተጨናነቀ ባቡር ውስጥ በማዳመጫ ስሰማው ቀና ብዬ ሰዉን አየሁ። ሁሉም ስልኩን ያያል።

ለዊትሊ ክፍል ሁለት ተጨማሪ ማስታወሻዎች አሉኝ። የመጀመሪያው፣ አብዛኞቹ ግጥሞቿ ሁለት ሁለት ስንኝ እያሉ ቤት የሚመቱ፣ ምታቸው ፈጽሞ የማይዛነፍ በመሆናቸው፣ 40 ደቂቃ በአንድ ወጥ ድምፅ ሲነበቡ ያፈዝዛሉ፤ ሁለት ሁለት እያደረጉ ማዳመጥ ይሻላል። ሁለተኛው፣ ተራኪው ቶማስ ጀፈርሰን «ሃይማኖት ዊትሊን አፍርቷል፣ ገጣሚ ግን ማፍራት አልቻለም» ብሎ እንዳጣጣላት ይነግረናል፤ በሎንግ አይላንድ በባርነት ይኖር የነበረው ጁፒተር ሃመን በ1778 ለእሷ ግጥም ጽፎ እንዳሳተመ ግን አይነግረንም። ሃመን የራሱ ግጥም በ1761 የታተመለት ሰው ነው፤ በስብስቡ ውስጥ ቢያንስ አንድ ገጽ ይገባው ነበር። ዊትሊ በ1784 በ31 ዓመቷ ገደማ በድህነት ስታርፍ ሁለተኛ መድበሏ ሳይታተም ቀርቷል፣ የእጅ ጽሑፉም ጠፍቷል።

የፊሊፕ ፍሬኖና የዊሊያም ከለን ብራያንት ክፍሎች ብዙ አያስቆሙም። ፍሬኖ በአሜሪካ አብዮት ጊዜ በእንግሊዞች ተማርኮ በእስር ቤት መርከብ ላይ የተንገላታ፣ ያንንም በቁጣ የጻፈ ሰው ነው፤ ነገር ግን ከዚያ ሁሉ ጩኸት ይልቅ ስለ አንዲት የዱር አበባ የጻፋት አራት አንጓ ትበልጥብኛለች። ብራያንት ስለ ሞት የሚያሰላስለውን ዝነኛ ግጥሙን የጀመረው በ17 ዓመቱ ገደማ ነው፤ አባቱ መሳቢያ ውስጥ አግኝተው ወደ ቦስተን ባይወስዱት ኖሮ በ1817 ባልታተመም ነበር። ወንዱ አንባቢ ለብራያንት ጥሩ ነው፤ ቤት የማይመታውን ረጅም ዐረፍተ ነገር ሳይቸኩል ይዞት ይወርዳል።

ሄንሪ ዋድስዎርዝ ሎንግፌሎን በተመለከተ አዘጋጆቹ የታወቀውን መንገድ መርጠዋል። በአሜሪካ አብዮት ዋዜማ የእንግሊዝ ጦር መምጣቱን ለማስጠንቀቅ ስለ ጋለበው ስለ ፖል ሪቪር የሌሊት ግልቢያ የጻፈው ግጥም ለጆሮ የተሠራ ነው፤ ምቱ ራሱ እንደ ፈረስ ኮቴ ይጋልባል፣ ወንዱም አንባቢ አብሮ ይጋልባል። ሆኖም በእውነተኛው ታሪክ ሪቪር ሊደርስባት ያሰባት ኮንኮርድ ከተማ ሳይደርስ በእንግሊዞች ጥበቃ መያዙን፣ አብረውት የጋለቡ ሌሎች ሰዎችም እንደነበሩ መግቢያው ትንፍሽ አይልም። የክፍሉ መዝጊያ ግን ካሰኝ። የሎንግፌሎ ባለቤት በ1861 ልብሷ በእሳት ተያይዞ ሞተች፤ እርሱም ሊያጠፋላት ሲታገል ፊቱ ተቃጠለ፣ በሥዕሎቹ ላይ የምናየውን ረጅም ጢም ያሳደገውም ከዚያ ወዲህ ነው። ከ18 ዓመት በኋላ በ14 ስንኝ ጻፈላትና ለማንም ሳያሳይ አስቀመጠው፤ የወጣው እርሱ ከሞተ በኋላ ነው። ንባቡ አንድ ደቂቃ ይፈጃል። ያ የሌሊት ፈረሰኛ ሲጮህ የነበረው ድምፅ እዚህ ላይ ዝግ ብሎ፣ ሳያለቅስ ያነበዋል።

ኤድጋር አለን ፖን ግን አበላሹት። የ1845ቱ የቁራ ግጥም 18 አንጓ ሲኖረው፣ አብዛኞቹ «ኔቨርሞር»፣ ማለትም «ከእንግዲህ ከቶ»፣ በሚል ቃል ይዘጋሉ፤ ፖ ራሱ በኋላ እንደጻፈው ቃሉን የመረጠው ረጅሙ «ኦ» እና «ር» በጆሮ ላይ ለሚያሰሙት ድምፅ ብሎ ነው። እንዲህ ተሰልቶ ለተሠራ ነገር የሚያስፈልገው ቃሉን በእኩል ድምፅ እየደጋገሙ መተው ነበር። አንባቢው ግን ቁራ ሆኖ ይጮሃል፣ ይንሾካሾካል፣ ያቃስታል፤ ከበስተ ጀርባውም የነፋስና የበር ድምፅ ጨምረውበታል። ከዘጠኙ ክፍሎች መካከል ሙዚቃና የድምፅ ማጀቢያ ያለው ይህ ብቻ ስለሆነ፣ አዘጋጆቹ ፖ ያለ ማጀቢያ አያስፈራም ብለው ያመኑ ይመስላል።

ዋልት ዊትማን የዚህ መጽሐፍ ካሳ ነው። በ1855 የግጥም መድበሉን በገዛ ገንዘቡ ብሩክሊን ውስጥ ሲያሳትም ከፊሉን ፊደል ራሱ ለቀመው፤ ሽፋኑ ላይም ሆነ የርእሱ ገጽ ላይ ስሙን አላኖረም፣ ባርኔጣውን ደፍቶ እጁን ወገቡ ላይ ያደረገበትን ምስል ብቻ አስገባ። በውስጡ የነበሩት 12 ግጥሞች ናቸው፤ እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ እየጨመረ፣ እያረመ፣ እንደገና እያሳተመ ያንኑ አንድ መጽሐፍ ሲያሳድግ ኖረ። ስንኙ ቤት አይመታም፣ ምቱም አይቆጠርም፤ የሚይዘው መደጋገሙ ነው። የመጀመሪያውን ቃል ይዞ እንደገና ይነሳል፣ ያንኑ ሐሳብ በሌላ ቃል ይደግማል፣ ይዘረዝራል፣ ያሰፋል። እንግሊዛውያን በዚህ ውስጥ የመጽሐፍ ቅዱሳቸውን ትርጉም ይሰማሉ፤ ዳዊት መድገም የተማረ ሰውም ወዲያው ቤቱ እንደገባ ይቆጥረዋል። በወረቀት ላይ ሳየው የሰለቸኝ ዝርዝር በድምፅ ሲመጣ ጨርሶ አላሰለቸኝም።

ከዚህም በላይ ዊትማን የምመላለስበት ከተማ ሰው ነው። በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ፣ በታኅሣሥ 1862፣ የቆሰለ ወንድሙን ፍለጋ ወደ ደቡብ ወርዶ ሲመለስ ዋሽንግተን ቀረና በየሆስፒታሉ እየዞረ ቁስለኞችን ይጠይቅ፣ ደብዳቤ ይጽፍላቸው፣ ብርቱካንና ትምባሆ ያድላቸው ነበር። ከሆስፒታሎቹ አንዱ የፓተንት መሥሪያ ቤቱ ሕንፃ ሲሆን፣ የፈጠራ ሞዴሎች በተደረደሩባቸው የመስታወት ሣጥኖች መካከል አልጋ ተዘርግቶ እንደነበር ጽፏል። ያ ሕንፃ ዛሬ በጋለሪ ፕሌስ ጣቢያ በላይ የሚገኘው የሥዕል ሙዚየም ነው። በዱፖንት ሰርክል ጣቢያ በኪው ስትሪት በኩል በረጅሙ ተንቀሳቃሽ ደረጃ ሲወጣ ደግሞ፣ አፉን በከበበው ግንብ ላይ ስለ ቁስለኞቹ ከጻፈው ግጥም የተወሰዱ ስንኞች ዙሪያውን ተቀርጸዋል፦ በዝምታ፣ በሕልም ውስጥ እየተመለስሁ በሆስፒታሎቹ መካከል አልፋለሁ፣ የተጎዱትን በእጄ አጽናናለሁ፣ ዕረፍት ያጡት አጠገብ ሌሊቱን ሙሉ እቀመጣለሁ፤ አንዳንዶቹ በጣም ልጆች ናቸው። ለሰባት ዓመት በዚያ ስወጣ ጽሑፉን የሕንፃ ጌጥ አድርጌው አልፌ ነበር። አንድ ማክሰኞ ግጥሙ በጆሮዬ እየተነበበ ደረጃው አፉ ላይ ሲያደርሰኝ፣ ፊደሉንና ድምፁን እኩል ለማስኬድ ጽሑፉን እየተከተልሁ ክቡን ዞርሁት፤ ሥራም ዘገየሁ።

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታዬ እመጣለሁ። ኤሚሊ ዲክንሰን በ1830 አምኸርስት፣ ማሳቹሴትስ ተወልዳ በ1886 እዚያው ያረፈች፣ 1,800 ገደማ ግጥሞች የጻፈች፣ ብዙዎቹንም በገዛ እጇ በትንንሽ ጥራዝ የሰፋች ሴት ናት። መግቢያው በሕይወት ሳለች አንድም ግጥም አልታተመላትም ይላል፤ ስሕተት ነው፣ አሥር ያህል ስሟ ሳይጠቀስ ወጥተዋል። ይህ ቀላሉ ነው። ከባዱ የታወቀችበትን የሞት ሠረገላ ግጥም፣ «ለሞት ልቆምለት ስላልቻልሁ፣ እርሱ በደግነት ቆመልኝ» ብላ የምትጀምረውን ስሰማ የገጠመኝ ነው። ይህን ግጥም ከቤተ መጻሕፍት በተዋስሁት ወረቀት ላይ አውቀዋለሁ፤ ስድስት አንጓ አለው። በጆሮዬ የቆጠርሁት አምስት ነው። ሠረገላው ትምህርት ቤቱን ሲያልፍ ልጆቹ በዕረፍት ሰዓት ክብ ሠርተው ሲታገሉ እጠብቅ ነበር፤ አንባቢዋ ግን «ትምህርታቸው ገና እንዳለቀ» እየተጫወቱ ናቸው አለችኝ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ዲክንሰን ከሞተች በኋላ በ1890 የመጀመሪያውን መድበል ያወጡት ሜብል ሉሚስ ቶድና ቶማስ ሂጊንሰን፣ ግጥሞቿ ለዘመኑ አንባቢ ሻካራ እንዳይሆኑ ብለው ሰረዞቿን አነሱ፣ ቤት አልመታ ያላቸውን አስተካከሉ፣ ከዚህ ግጥም ደግሞ አንድ አንጓ እንዳለ ቆርጠው ጣሉ። ክብ ማለት የሆነው «ሪንግ» ፀሐይ ማለት ከሆነው «ሰን» ጋር አልገጥም ስላላቸው፣ አለቀ ለማለት የሚውለውን «ዳን» የሚል ቃል አስገቡ። ሂጊንሰን ዲክንሰን በ1862 «ግጥሜ ሕይወት አለው ወይ?» ብላ ደብዳቤ የጻፈችለት ያው ሰው መሆኑ ነገሩን ይበልጥ ያሳዝናል። ከእጅ ጽሑፏ ጋር የተመሳከረው ሙሉ እትም የወጣው በ1955 ሲሆን፣ ያወጣውም ቀደም ሲል የጠቀስሁት፣ ቴይለርን ከዬል መደርደሪያ ያወጣው ቶማስ ጆንሰን ነው። ይህኛው እትም የቅጂ መብት ያለበት ስለሆነ፣ ርካሽ ስብስቦች ክፍያ የማይጠይቀውን የ1890ውን ጽሑፍ የሚወስዱት ለዚህ ይመስለኛል። መውሰዱ ወንጀል አይደለም፤ ለገዢው አለመንገር ግን ነውር ነው።

የጠፋው አንጓ ለአማርኛ ጆሮ ልዩ ነገር ነበረው። በዚያ አንጓ ውስጥ ብርድ ማለት የሆነው «ቺል» እና ስስ ጨርቅ ማለት የሆነው «ቱል» ቤት ይመታሉ፤ እንግሊዝኛ አንባቢ ግን አናባቢያቸው ስለማይመሳሰል ግማሽ ግጥሚያ ይለዋል። በእኛ ግጥም ቤት የሚመታው በመጨረሻው ፊደል ነው፤ ሁለቱም በ«ል» ስለሚያልቁ አንዳች አይጎድላቸውም። ዲክንሰን ለዘመኗ ሰዎች የተንሻፈፈ የመሰለው ብዙ ስንኟ እኛ ዘንድ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ይህን የማየት ዕድል ያለን አድማጮች ነበርን፣ የቀረበልን ግን ለሌላ ጆሮ የተላገ ጽሑፍ ነው። ሰረዞቿ ደግሞ ትክክለኛው ጽሑፍ ቢነበብ እንኳ ድምፅ የሚያስቸግሩት ናቸው፤ ዐረፍተ ነገሩን መካከል ላይ አንጠልጥለው የሚተዉ፣ ነጥብም ነጠላ ሰረዝም ያልሆኑ ጭረቶች ናቸው። ሴቲቱ አንባቢ፣ ብራድስትሪት ላይ ያ ሁሉ ችሎታ የታየባት፣ እዚህ ላይ ሁሉንም እንደ እሹሩሩ አለሳልሳ ታነባለች። የተሰጣት ወረቀት ላይ ሰረዝ ስላልነበረ ጥፋቱን በእሷ ላይ አላላክክም።

የትኛውን እትም እንደተጠቀሙ ለአዘጋጁ ድርጅት በጽሑፍ ጠየቅሁ። ወዲያው የደረሰኝ በማሽን የተላከ ምስጋና ነው፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ ስለ እትሙ አንድም ቃል ሳይሉ ገንዘቤን ለመመለስ ፈቃደኛ እንደሆኑ ጻፉልኝ። አልመለስሁትም። በአሠራር በኩል የቀረው ነገር ደኅና ነው፤ እያንዳንዱ ግጥም የራሱ ክፍል ስላለው ወደፈለጉት መዝለል ይቻላል፣ ስልክ ላይ ከወረደ በኋላ ዋሻ ውስጥ ኢንተርኔት ቢቋረጥም አይቆምም፣ ድምፁም ንጹሕ ነው። የግጥሞቹ ጽሑፍ በፒዲኤፍ አብሮ አለመሰጠቱ ግን ለቴይለርና ለዊትሊ ብቻ ሲባል እንኳ መታረም አለበት።

የብራድስትሪት፣ የዊትሊና የዊትማን ክፍሎች ብቻቸውን 18 ዶላሩን ያወጡታል። ይህንም ሆነ ሌላ ተመሳሳይ ስብስብ ለመግዛት የሚያስብ ሰው፣ ናሙናው የሚፈቅድ ከሆነ አስቀድሞ የሞት ሠረገላውን ግጥም ከፍቶ አንጓዎቹን ይቁጠር። አምስት ከሆኑ መጽሐፉን ለሌሎቹ ገጣሚዎች ሲል ይግዛው፣ ዲክንሰንን ግን ከቤተ መጻሕፍት በወረቀት ይዋሳት።